ፍሬናችሁ ከመክዳቱ በፊት የሚሰጣቸው ምልክቶች፦ ከፔዳል እስከ ሸራ የሚደረግ ፍተሻ

ፍሬን አብዛኛውን ጊዜ በድንገት አይከዳም። ፍሬን በጠሰ የሚባለው መኪና ብዙውን ጊዜ ከዚያ በፊት ለሳምንታት ምልክት ሲሰጥ ቆይቷል። ፔዳሉ ከወትሮው ዝቅ ብሏል፤ አንዱ ጎማ ጋ ሲጢጥ የሚል ድምፅ ነበር፤ ወይም የፍሬን ዘይቱ ጎድሎ ተገኝቶ፣ ለምን እንደጎደለ ሳይታይ ተሞልቶበት ታልፏል። ሹፌሩም ለምዶታል። ትልቁ ችግር ይሄ መልመድ ነው። ፍሬኑ ቀስ እያለ ሲደክም እግራችንም ቀስ እያለ ጠንከር አድርጎ መርገጥ ይለምዳል፣ ስለዚህ ለውጡ አይታወቀንም። መኪናችሁን ሌላ ሰው ነድቶት "ምነው ፍሬኑ እንዲህ ሆነ?" ካላችሁ በቀላሉ አትለፉት፣ የሱ እግር ገና አልለመደውም።

ይህን ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ከዚህ በታች ያለውን ያሰናዳሁት ምንም መሣሪያ ከማይፈልገው ፍተሻ ጀምሮ ክሪክ ወደሚፈልገው ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደረጃዎች ብቻ እንኳ ብትለምዱ ብዙ ነገር በጊዜ ትደርሱበታላችሁ።

በቅድሚያ ውስጡ ምን እንደሚሠራ

ፔዳሉን ስትረግጡ ማስተር ሲሊንደር የሚባለው ክፍል የፍሬን ዘይቱን በቀጫጭን ቱቦዎች ወደ አራቱም ጎማ ይገፋዋል። ዘይቱ ካሊፐር በሚባለው መያዣ ውስጥ ያለውን ፒስተን ይገፋል፣ ፒስተኑ ደግሞ ሸራውን (እየተፋተገ የሚያልቀውን የፍሬን ክፍል) ከጎማው ጋር ከሚሽከረከረው ዲስክ ጋር ያጣብቀዋል። የታምቡር ፍሬን ከሆነ ሸራዎቹ ከውስጥ ወደ ውጭ ተከፍተው የታምቡሩን ግድግዳ ይይዛሉ። በእግራችሁና በማስተር ሲሊንደሩ መካከል ሰርቮ አለ፤ በብዙ መኪኖች የሞተሩን ቫኪዩም (አየር የመምጠጥ ኃይል) ተጠቅሞ የእግራችሁን ጉልበት ያበዛል።

ፍሬን ስትይዙ መኪናው የሚሄድበት ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ይህ ጉልበት በአራት እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ለማቆም ፍሬኑ የሚሸከመው ሙቀት በ50 የሚሄደውን ከማቆም አራት እጥፍ ነው። መኪናው ሲቆም ክብደቱ ወደፊት ስለሚያደላ ደግሞ አብዛኛውን ሥራ የሚሠሩት የፊት ፍሬኖች ናቸው፣ ቶሎ የሚያልቁትም በአብዛኛው እነሱ ናቸው።

ደረጃ 1፦ ከመነሳታችሁ በፊት ፔዳሉን ፈትሹ

ሞተሩ እንደጠፋ ፔዳሉን አራት አምስት ጊዜ ርገጡት። ደረቅ እያለ ይሄዳል፣ ይህ ጤነኛ ነው። አሁን እግራችሁን ሳታነሱ ተጭናችሁ ሞተሩን አስነሱ። ፔዳሉ ትንሽ ወደ ታች ሸርተት ማለት አለበት። ካላለ ሰርቮው ወይም ወደሱ የሚሄደው የቫኪዩም ቱቦ ችግር አለበት ማለት ነው።

ቀጥሎ ሞተሩ እየሠራ ፔዳሉን ጠበቅ አድርጋችሁ ለ30 ሰከንድ ያህል ያዙት። ባለበት መቆም አለበት። ቀስ እያለ ወደ ወለሉ የሚወርድ ከሆነ ወይ ዘይት የሆነ ቦታ ላይ እየወጣ ነው፣ ወይ የማስተር ሲሊንደሩ ጎሚኒ (የላስቲክ ማሸጊያ) አልቆ ዘይቱ እዚያው ውስጥ እየሾለከ ነው። የኋለኛው አታላይ ነው፤ ወደ ውጭ የሚፈስ ነገር ስለሌለ ዘይቱ አይጎድልም፣ መሬት ላይም ጠብታ አታገኙም።

የፔዳል ስሜት ብዙ ይናገራል። እንደ ስፖንጅ የሚለሰልስ ፔዳል መስመሩ ውስጥ አየር እንደገባ ያሳያል፤ ዘይት አይታመቅም፣ አየር ግን ይታመቃል። በመጀመሪያ ወርዶ ሁለተኛ ሦስተኛ ጊዜ ስትረግጡት ከፍ የሚል ፔዳልም የአየር ምልክት ሊሆን ይችላል፣ ወይም ደግሞ የኋላ ታምቡሮቹ ሸራ ርቀት ሳይስተካከል ቀርቷል። እንደ ድንጋይ ደርቆ ብዙ ጉልበት የሚጠይቅ ከሆነ ሰርቮውን ጠርጥሩ። ፔዳሉ ምንም ሳይሆን መኪናው ግን አልቆም ካለ ሸራው ላይ ዘይት ወይም ግሪስ ነክቶት ይሆናል፣ ወይም ሸራው በሙቀት ተቃጥሎ እንደ መስተዋት ለስልሶ ይሆናል።

ደረጃ 2፦ እየነዳችሁ አዳምጡ

ራዲዮውን ዝጉ፣ መስኮቱን ክፈቱና አጥር ወይም ግድግዳ ባለበት ጸጥ ያለ መንገድ ላይ ቀስ ብላችሁ ንዱ። ድምፁ ከግድግዳው ነጥሮ ስለሚመለስ ሌላ ጊዜ የማትሰሙትን ትሰማላችሁ።

ቀጭን የሲጢጥታ ድምፅ፣ በተለይ ፍሬን ስትይዙ የሚቀየር ወይም የሚጠፋ ከሆነ፣ የሸራ ማለቅ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል። ብዙ የዲስክ ሸራዎች ላይ ትንሽ የብረት ምላስ አለች፤ ሸራው ሲሳሳ ዲስኩን እየነካች እንድትጮህ ሆን ተብሎ የተሠራች ናት። ሲጢጥታ ሁሉ ግን የሸራ ማለቅ አይደለም። አቧራ፣ እርጥበት፣ ጠንካራ ዓይነት ሸራም ያስጮኻሉ። ዝናብ ባደረበት ማግሥት ጠዋት የሚሰማ የመፋቅ ድምፅ ዲስኩ ላይ ያደረው ስስ ዝገት ነው፣ ጥቂት ጊዜ ፍሬን ስትይዙ ይጠፋል።

ብረት ከብረት ሲፋተግ የሚሰማው ወፍራም የመፍጨት ድምፅ ግን ሌላ ነገር ነው። ያ ከተሰማ ሸራው አልቆ የጀርባው ብረት ዲስኩን እየበላ ነው። በዚህ ሁኔታ የምትነዱት እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ዲስኩንም ጭምር ያስቀይራችኋል፣ ከዚያ በላይ ደግሞ መኪናው በፈለጋችሁት ቦታ አይቆምላችሁም።

ፍሬን ስትይዙ መሪው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ በአብዛኛው ችግሩ የፊት ዲስኮች ላይ ነው፤ መቀመጫው ወይም መኪናው በሙሉ የሚርገፈገፍ ከሆነ የኋላውን ተመልከቱ። ሰው ሁሉ ዲስኩ ተጣመመ ይላል። ብዙውን ጊዜ ግን የዲስኩ ውፍረት እዚህና እዚያ እኩል አለመሆኑ ነው፣ አንዳንዴም ጎማው ሲታሰር ብሎኖቹ እኩል ሳይጠብቁ ቀርተው የመጣ ነው።

ፍሬን ስትይዙ መኪናው ወደ አንድ ጎን ከጎተተ በሁለቱ ጎኖች ያለው ጉልበት ተበላልጧል። ምክንያቱ የተጣበቀ ካሊፐር፣ ዘይት የነካው ሸራ ወይም ከውስጥ ያበጠ የላስቲክ ቱቦ ሊሆን ይችላል፤ የጎማ ነፋስና አላይመንትም (የጎማዎቹ አቅጣጫ ልክ) መታየት አለባቸው።

አንድ ነገር እንዳታምታቱ። በሚያንሸራትት መንገድ ላይ በኃይል ስትረግጡ ፔዳሉ ከእግራችሁ ሥር ትር ትር ካለ ኤቢኤስ (ጎማው እንዳይቆልፍ የሚከላከለው ሥርዓት) ሥራውን እየሠራ ነው። እግራችሁን አታንሱ፣ አትልቀቁ፣ እንደረገጣችሁ መሪውን አዙሩ።

ከተለመደ ጉዞ በኋላ ስትቆሙ ደግሞ አራቱንም ጎማ ዙሩና እጃችሁን ወደ ቸርኬው ጠጋ አድርጉት፣ እንዳትነኩት ግን፣ ያቃጥላል። የአንድ አክሰል ሁለት ጎማዎች፣ ማለትም የፊቶቹ ሁለት ወይም የኋላዎቹ ሁለት፣ ሙቀታቸው መቀራረብ አለበት። አንዱ ለብቻው የሚፋጅ ከሆነና የተቃጠለ ሽታ ካለው ፍሬኑ አልለቅ ብሎ እየያዘ ነው። ቶሎ ይቀዝቅዝ ብላችሁ ውኃ አትድፉበት፤ የጋለ ብረት በድንገት ሲቀዘቅዝ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ደረጃ 3፦ የፍሬን ዘይቱ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ መጻፍ እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ከሁሉ የሚረሳው ይሄ ነው። የሞተር ዘይት በሰዓቱ የሚቀይር ሰው የፍሬን ዘይት ለዓመታት ሳያየው ይነዳል።

ኮፈኑን ክፈቱ። ከሹፌሩ ፊት ለፊት፣ ከሞተሩ ጀርባ ባለው ግድግዳ አጠገብ በአብዛኛው ነጣ ያለ፣ ውስጡ የሚታይ የፕላስቲክ መያዣ ታገኛላችሁ። ከፍተኛና ዝቅተኛ የሚል ምልክት አለው። ዘይቱ በሁለቱ መካከል መሆን አለበት።

ዝቅ ብሎ ካገኛችሁት እጃችሁን ወደ ዘይት ጠርሙሱ ከመስደዳችሁ በፊት ለምን እንደጎደለ አስቡ። ሸራ እያለቀ ሲሄድ ፒስተኖቹ ወደ ውጭ ስለሚወጡ ዘይቱ በወራት ውስጥ ቀስ እያለ ዝቅ ማለቱ የተለመደ ነው፣ ያኔ የሚታየው ሸራው ነው። በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ከጎደለ ግን እየፈሰሰ ነው። በየጎማው ውስጠኛ ጎን እርጥበት ፈልጉ። መኪናው የቆመበትን መሬት እዩ፣ ከዚያም ፔዳሉ ካለበት በላይ ያለውን ግድግዳ በእጃችሁ ዳብሱ፤ ማስተር ሲሊንደሩ ወደ ኋላ ሲያፈስ በዚያ በኩል ነው የሚወጣው። ማንዋል ማርሽ ያላቸው ብዙ መኪኖች ደግሞ የፍሪሲዮን ዘይታቸውን ከዚሁ መያዣ ስለሚጋሩ ፍሳሹ ከፍሪሲዮኑ ሊሆን ይችላል። ያለፍተሻ መሙላት ምልክቱን ማጥፋት ነው።

ሁለተኛው ነገር የዘይቱ ዕድሜ ነው። ዶት 3፣ ዶት 4 እና ዶት 5.1 የሚባሉት ዘይቶች ከአየር ላይ እርጥበት ይስባሉ። ከላስቲክ ቱቦዎቹና ከመያዣው ክዳን በኩል በጥቂቱ እየገባ ይጠራቀማል። አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ እንዲቆይ ይጠበቃል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መለኪያው ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሳትለቁ ስትወርዱ ካሊፐሩ ውስጥ ያለው ዘይት እዚህ ሙቀት ላይ ሊደርስ ይችላል። ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል፣ ፔዳሉ ወለል ይነካል።

የሚያሳዝነው ነገር ዘይቱ ሲቀዘቅዝ ፔዳሉ ተመልሶ መጠንከሩ ነው። ሰውየው መኪናውን ጋራዥ ይወስዳል፣ መካኒኩ ይረግጠዋል፣ ምንም የለውም። በቁልቁለት ላይ ፔዳል ከድቷችሁ በኋላ ደህና ከሆነ "ተሻለው" ብላችሁ አትቀጥሉ፣ ዘይቱን አስቀይሩ።

ብዙ አምራቾች በየሁለት ዓመቱ እንዲቀየር ይመክራሉ፤ የእናንተ መኪና መጽሐፍ የሚለውን ተከተሉ። አዲሱ ዘይት ጠራ ያለ ወይም ፈዘዝ ያለ የማር መልክ አለው። እንደ ቡና ከጠቆረ ጊዜው አልፏል። መልኩ ደህና መሆኑ ብቻ ግን ዋስትና አይሆንም፣ እርጥበት በዓይን አይታይም።

ስትሞሉ ወይም ስታስቀይሩ እነዚህን ልብ በሉ። በክዳኑ ላይ የተጻፈውን ዓይነት ብቻ ተጠቀሙ። ዶት 5 ሲሊኮን ስለሆነ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም፤ ዶት 5.1 ደግሞ ስሙ ቢቀራረብም ሌላ ነገር ነው። ለረጅም ጊዜ ተከፍቶ የቆየ ጠርሙስ አትጠቀሙ። ክዳኑን ከመክፈታችሁ በፊት ዙሪያውን ጥረጉ። ቀለም ላይ ከፈሰሰ ወዲያው በብዙ ውኃ እጠቡት፣ ቀለም ይበላል። እና ከሁሉ በላይ፣ የሞተር ዘይት፣ የመሪ ዘይት ወይም ሌላ ማንኛውንም የነዳጅ ዘር ያለው ነገር ወደዚያ መያዣ አታስገቡ። ጥቂቱ እንኳ ጎሚኒዎቹን ያሳብጣቸዋል፣ ጎሚኒ ያለበት ክፍል በሙሉ መቀየር ሊኖርበት ይችላል። በስህተት ከገባ ሞተሩን ሳታስነሱ፣ ፔዳሉንም ሳትረግጡ መካኒክ ጥሩ።

ደረጃ 4፦ ጎማ ፈትታችሁ ሸራውን ተመልከቱ

ቸርኬው ክፍት ክፍት ከሆነ በባትሪ መብራት አጮልቃችሁ የውጭውን ሸራ ልታዩ ትችላላችሁ። ይህ ግማሽ ፍተሻ ነው። ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ሲደርቁ የውስጠኛው ሸራ ቀድሞ ያልቃል፣ ከውጭ ስታዩት ገና ብዙ የቀረው ይመስላል።

መኪናውን ሜዳና ደረቅ ቦታ አቁሙ፣ ማርሽ ወይም ፓርኪንግ ውስጥ አስገቡ፣ የማይነሱትን ጎማዎች በታኮ ያዙ። ብሎኖቹን ጎማው መሬት ላይ እንዳለ ፍቱ ፍቱ አድርጓቸው፣ ከዚያ በክሪክ አንሱ። መኪናው በክሪክ ብቻ ተንጠልጥሎ እያለ ከሥሩ እንዳትገቡ፤ የብረት መቆሚያ ደግፉበት።

ጎማው ሲወጣ የሸራውን ውፍረት እዩ፣ የጀርባውን ብረት ሳትቆጥሩ። አዲስ የዲስክ ሸራ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ነው። ወደ 3 ሚሊ ሜትር ሲጠጋ ቀይሩት። በውስጥና በውጭ፣ በግራና በቀኝ ያለውን አወዳድሩ። ልዩነቱ ከበዛ ሸራ መቀየር ብቻ አይበቃም፤ ፒኑ ወይም ፒስተኑ ተጣብቋል፣ እሱ ካልተፈታ አዲሱም ሸራ እንዲሁ ይሆናል።

ዲስኩን ተመልከቱ። ጥልቅ ጭረት፣ ስንጥቅ፣ በሙቀት የሰማያዊ መልክ ያመጣ ቦታ፣ ጠርዙ ላይ ከፍ ያለ ከንፈር ካለ ይለካ። ዝቅተኛው የሚፈቀደው ውፍረት ዲስኩ ላይ ራሱ በሚሊ ሜትር ተቀርጾ ይገኛል። ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስላግ የሚቻለው ከተላገ በኋላም ከዚያ ልክ በላይ የሚቀር ከሆነ ብቻ ነው። የላስቲክ ቱቦውን ጎንበስ አድርጋችሁ ስንጥቅና እብጠት ፈልጉ።

የፍሬን አቧራ በኮምፕረሰር አትንፉ፣ በአፋችሁም እፍ አትበሉ። በተለይ አሮጌ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል ወደ ሳንባ መግባት የለበትም። በፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ አርጥባችሁ ጥረጉ።

ጎማውን ስትመልሱ ብሎኖቹን በመስቀል ቅርጽ እያፈራረቃችሁ አጥብቁ፣ የመጨረሻውን ጥብቀት መኪናው መሬት ከነካ በኋላ ስጡት። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ ደግማችሁ ፈትሹ።

ሸራ ሲቀየር

ራሳችሁ የምትቀይሩትም ሆናችሁ የምታስቀይሩ፣ እነዚህ መዝለል የሌለባቸው ናቸው። ሸራ በአክሰል ነው የሚቀየረው፤ የግራው ከተቀየረ የቀኙም ይቀየራል። የተፈታው ካሊፐር በቱቦው ተንጠልጥሎ አይተው፣ በሽቦ ይታሰር። ፒስተኑ ወደ ውስጥ ሲገፋ ዘይቱ ወደ ላይ ስለሚመለስ መያዣው እንዳይሞላና እንዳይፈስ ይጠበቅ። ፒኖቹ ይጽዱና ለፍሬን የተሠራ ሙቀት የሚችል ግሪስ ይቀቡ፤ ሸራውና ዲስኩ የሚገናኙበት ገጽ ላይ ግን ምንም ዓይነት ቅባት አይንካ። አዲስ ዲስክ ሲመጣ ለዝገት መከላከያ ዘይት ይቀባል፣ ያ በማጽጃ ይጠረግ። ኤሌክትሪክ የእጅ ፍሬን ያለው መኪና ከሆነ የኋላው ከመነካቱ በፊት በመመርመሪያ መሣሪያ ወይም መጽሐፉ በሚለው መንገድ ወደ ጥገና ሁኔታ መግባት አለበት።

ሲያልቅ መኪናውን ሳታንቀሳቅሱ ፔዳሉን እስኪጠነክር ድረስ ደጋግማችሁ ርገጡት። ይህን ረስቶ ማርሽ ያስገባ ሰው የመጀመሪያው ርግጫ ባዶ ይሆንበታል።

ከዚያ ሸራውን ከዲስኩ ጋር ማላመድ ያስፈልጋል። ባዶ መንገድ ላይ ከ50 ወይም 60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወደ 10 ያህል፣ ሙሉ በሙሉ ሳትቆሙ፣ መካከለኛ በሆነ ጉልበት አሥር ጊዜ ያህል ፍጥነት ቀንሱ፣ በመካከሉ ትንሽ እየነዳችሁ እንዲቀዘቅዝ። የሸራው አምራች የራሱ መመሪያ ካለው እሱ ይቀድማል።

አነዳድ

የሸራን ዕድሜ የሚያስረዝመው ከፊት ያለውን ቀድሞ ማየት ነው። ቀይ መብራቱን ከሩቅ ካያችሁ ነዳጁን ልቀቁ፣ መኪናው ራሱ ይቀንሳል። ቁልቁለት ላይ ከመጀመራችሁ በፊት ማርሽ ቀንሱ፤ ሞተሩ ይያዘው። ፍሬኑን ሁልጊዜ በቀስታ ተጭኖ ከመውረድ፣ ጠበቅ አድርጎ ይዞ ፍጥነት ቀንሶ መልቀቅ ይሻላል፣ በሚለቀቅበት ጊዜ ይቀዘቅዛል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብላችሁ በባዶ ማርሽ ወይም ሞተር አጥፍታችሁ አትውረዱ። ሞተሩ ሲጠፋ ሰርቮው የሚያግዛችሁ ለጥቂት ርግጫ ብቻ ነው፣ መሪውም ሊከብድ ይችላል።

የእጅ ፍሬኑን ደግሞ ሜዳ ላይም ቢሆን ተጠቀሙበት፤ የማይነካ የእጅ ፍሬን ገመዱ ይደርቃል።

እየነዳችሁ ፔዳሉ ከከዳ

ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ ደጋግማችሁ ርገጡ፣ ግፊት ሊሰበስብ ይችላል። ማርሽ በየደረጃው ቀንሱ። የእጅ ፍሬኑን በአንድ ጊዜ ሳትስቡ፣ መልቀቂያውን ተጭናችሁ በጥቂት በጥቂቱ ሳቡት፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ በብዙ መኪኖች ቁልፉን ይዞ ማቆየት ይሠራል። አራቱንም ፍሬቻ አብሩ፣ ክላክስ ንፉ፣ ዳገት ወይም ሰፊ ቦታ ፈልጉ። ሞተሩን አታጥፉ።

የማይዘገየውና ለቀጠሮ የሚደርሰው

ፔዳሉ ወለል ከነካ ወይም እየሰመጠ ከሄደ፣ ብረት ከብረት ከተፋጨ፣ ዘይት ሲፈስ ካያችሁ ወይም የእጅ ፍሬኑ ተለቆ ሳለ ቀዩ የፍሬን መብራት ዳሽቦርዱ ላይ ከበራ መኪናው በጭነት ወይም በጎታች ይሂድ። ቢጫው የኤቢኤስ መብራት ብቻውን ከበራ የተለመደው ፍሬን ብዙውን ጊዜ ይሠራል፣ በኃይል ስትይዙ ግን ጎማው ሊቆልፍ ስለሚችል ርቀት ጠብቃችሁ ወደ ጋራዥ ንዱ። ሲጢጥታ፣ መንቀጥቀጥ፣ ትንሽ መጎተት በዚያው ሳምንት ይታዩ።

ጋራዥ ስትሄዱ "ፍሬኑን እየው" አትበሉ። መቼ እንደሚሰማ፣ በየትኛው ጎማ በኩል እንደሆነ፣ ሲቀዘቅዝ ነው ወይስ ሲሞቅ፣ ፔዳሉ ምን እንደሚመስል ንገሩት። አብሯችሁ ይንዳው። የወጣውን አሮጌ ሸራ በእጃችሁ ተቀብላችሁ የአራቱንም አበላል እዩ፣ የዘይቱ መቀየሪያ ቀንም በመኪናው የጥገና ደብተር ላይ ይጻፍላችሁ።